መቁጠሪያ

በመዳፌ መሐል አንዲት ብረት አለች፣
ሰው ባለፈ ቁጥር «ቀጭ» ትላለች።
መቁጠሪያ ይሏታል። እኔም እንደ መናኝ
ሰባተኛው በር ላይ፣ የሐይቁ ንፋስ እየገረፈኝ፣
ጸሎት የሌለበት ቁጥር እደግማለሁ፤
የቶሮንቶን ሰው አንድ በአንድ አስገባለሁ።

ሥራውን ስጀምር፣ የዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመት፣
አውራ ጣቴ አብጦ ነበር የምገባው ቤት።
ጠጠር ቢወረወር መሬት አያርፍም ነበር፤
ትራሙ ሰው ሲዘረግፍ፣ ሰልፉ ከድልድዩ እስከ በር፣
ፊታቸውን በሰማያዊ ያዥጎረጎሩ ልጆች
በአባት ትከሻ ላይ፣ የአንድ ቀን ባለዙፋኖች፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ እንደ በቆሎ ሲፈነዳ፣
ማን ይለየው ነበር ወዳጅን ከእንግዳ።

ዛሬ ገልባጭ መኪና ድንጋዩን ቢደፋ
ማንንም አይነካም።
የላይኛውን ፎቅ በሸራ ሸፍነውታል፣
ባለቤቱ ሩቅ አገር እንደሄደ ሳሎን።

የት ሄዱ? ሌስሊን ጠየቅኋት፣ ቢራ ሻጯን።
«ዋጋው ነው» አለችኝ፣ እየደረደረች ባዶ ብርጭቆዋን።
ራቪንድራን ከመኪና ማቆሚያው መጥቶ፣
«ስልካቸው ውስጥ ገብተው ከዚያ ያያሉ» አለ፣
የራሱ ስልክ ላይ አቀርቅሮ።
ኪርስተን፣ አለቃችን፣ አየሩን ትከሳለች፦
ሲዘንብ፣ «በዚህ ዝናብ ማን ይወጣል?» ትላለች፤
ሲጠራ ደግሞ፣ «ፀሐይ ናት! ሰው ሁሉ ወደ ሐይቅ ዳር ጎጆው ነጎደ።»
ዝናብም ፀሐይም ያልሆነ ቅዳሜ እስካሁን አልተወለደ።

ጨዋታው ያው ነው። እግር ኳስ ይሉታል፣ በብብት ግን ይሸሻል፣
እንቁላል የመሰለ፣ ሲወድቅ ወዴት እንደሚነጥር ማን ያውቃል።
የተለወጠው ድምፁ ነው።
ድሮ ጩኸት አንድ ነበር፣ የማንም ያልሆነ፤
አሁን ስድቡም ባለቤት አለው። ባለፈው ሳምንት አንዱ
«ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ ሂድና ተኛ!» ብሎ ቢጮህ፣
ሠላሳ አንድ ቁጥር ዞሮ አየው።
ሁለቱም አፈሩ።

በሦስተኛው ሩብ ድምፅ ማጉያው ያበሥራል፦
«የዛሬ ተመልካች ዐሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባ! እናመሰግናለን» ይላል።
ባዶው ወንበር አጨበጨበ፤ ማሚቶ ነው እንጂ።
መዳፌን ገልጬ አየሁ፦ ሦስት ሺህ ሰማንያ ዘጠኝ።
ኪርስተን ዘንድ ሄድኩ።
«የምንናገረው የተሸጠ ቲኬት ነው፤ ሰው አይደለም» አለች።
«ታዲያ እኔን ለምን ቀጠራችሁ?»
«እንድትቆጥር።»

ልናዘዝ፦ ከሦስት ሺህ ሰማንያ ዘጠኙ አንዱ የለም።
ወይዘሮ ፓውሉክ ናት፣ አርፍዳ አታውቅም፣
ሁለት ቲኬት ይዛ ትመጣለች። ስቴፋን ከጎኗ ጠፍቷል፤
የካቲት ላይ ቀበረችው፣ መሬቱ በረዶ ሳለ።
ካፖርቱ ክንዷ ላይ አለ፣
ቡኒ፣ ክርኑ የተጣፈ፣ የትምባሆው ሽታ ያልለቀቀው።
ቀጭ አደረግሁ። አልተንቀሳቀሰችም።
«እሱስ?» አለች፣ እጄን እያየች።

ድምፅ ማጉያው ዐሥራ አንድ ሺህ ሰው ከአየር ይወልዳል፣
የእኔ አውራ ጣት ግን በአንዱ ይንቀጠቀጣል።
ከኋላዋ ሰልፍ የለም፣ የሚያጣድፈኝ የለም።

ቀጭ።

ጨዋታው አለቀ። ተሸነፍን፤ ማን ቆጥሮት።
የሐይቁ ወፎች የተደፋ ፈንድሻ ሊለቅሙ ወረዱ፣
እነሱን አልቆጥርም።
ወንበር እያጠፍኩ ስወርድ፣ ረድፍ ዐሥራ ሁለት ላይ
ካፖርቱ ተቀምጧል፣
አንድ እጅጌው በጎኑ ወንበር መደገፊያ ላይ፣
አንገትጌው ቀና ብሎ ወደ ሜዳው።
ረስታው ይሁን ትታው አላውቅም።

የጠፋ ዕቃ ክፍል ወሰድኩት። ቅጹ ይጠይቃል፦
የዕቃው ዓይነት። ቀለም። የባለቤቱ ስም።
እስክሪብቶ ይዤ ብዙ ቆምኩ፤
ጽዳቶቹ መብራቱን በየተራ ሲያጠፉ
«ወንበር ዘጠኝ» ብዬ ጻፍኩ።